ትራስ ነክሰው የሚጸልዩት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ምድጃ ዳር አይደለም፤ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ የተቃጠለ አቧራ ከሚሸት ማሞቂያ አጠገብ ነው። ወላጆቻችን ፎቅ ላይ ሲጸልዩ ጋሽ ፍቃዱ የሚባሉ ሽማግሌ እኛን ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስበው ሁለት ጉባኤዎች እንዴት አንድ ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ ይነግሩን ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይወዷቸው ነበር። እኔ ግን ያኔም አልወደድኳቸውም፣ አሁን ስለሞቱ ብዬም አልዋሽም።

እሳቸው እንደሚሉት በጎረቤት ከተማ በእንግልውድ የነበረው ጉባኤያቸው እሳት ነበር፤ ሲጸልዩ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እኛ ከቻምበርስ ሮድ መጣን። «ሲመጡ ቀዝቅዘው ነበር። ጸሎታቸው እንኳ አይሰማም! እኛ ነን ያቀጣጠልናቸው» ይሉና ይስቃሉ። ልጆቹም ዞር ብለው እኔን እያዩ ይስቃሉ።

ያ ቀዘቀዘ የተባለው ጉባኤ የተጀመረው ቻምበርስ ሮድ ላይ በነበረው በእናቴ ሳሎን ነው። አፓርታማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ከሥር ያለችው ሴትዮ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ ማናጀሩም ከደገማችሁ ትወጣላችሁ የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጥፎ ነበር። ስለዚህ ሁሉም የሶፋ ትራስና ነጠላ አፋቸው ላይ ይዘው ይጸልያሉ፤ እናቴማ ለቅሶ ሲመጣባት ትራሱን ትነክስ ነበር። ከተዋሃድን በኋላ ሰፊ አዳራሽ ቢገኝም ድምፃቸው አልወጣም። ለምደውት ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ እሑድ አላስችል አለኝ። «ውሸት! አፓርትመንቱን እንዳናጣ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ጋሽ ፍቃዱ እጄን ይዘው ወደ እናቴ ወሰዱኝ። «ልጅሽ እኮ ውሸታም አለችኝ!»

አሁን ልኩን ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «ይማሯት ጋሼ፣ ልጅ ናት» አለች፤ ወደ እኔም ዞራ «ጉልበታቸውን ሳሚ» አለችኝ። ሳምኩ። ጥርሴን ነክሼ ሳምኩ።

ስንመለስ ሃቫና ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዘን። «ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ስንት ተጣልተን፣ ስንት ጾመን ነው አንድ የሆንነው። በእኔ አፍ አይፈርስም።»

ያኔ ገባኝ፤ አንድነት የሚሉት ነገር የቆመው እናቴ እውነቷን ስለዋጠች ነው። እሷ ይቅር ብላቸው ይሆናል፤ እኔ አላልኩም።

አሁን እናቴም አርፋለች፤ ታሪኩን ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ። በቀደም ትራሱንም መጥረጊያውንም ነግሬያት ስጨርስ «ማሚ፣ የእንግልውዶቹስ? ለምንድነው ሶ ላውድ ሆነው የሚጮኹት? ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስጠላቸው ኖሬ፣ እነሱ ምን አግኝቷቸው እንደዚያ ይጮሁ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ሰው ጠይቄ አላውቅም።

«ዝም ብለው ነው» አልኳት።

አመነችኝ።