ከ«ደህና ነኝ» በኋላ

አክስቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ሃሎ» በሚል ስም ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ነበር። ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት ወዲህ ደግሞ ሰውን የምትለካው በድምፁ ብቻ ሆነ፤ ዋሽቻት አምልጬ አላውቅም።

ክሊኒኩ ማየት ለማይችሉ ሕመምተኞች በየጠዋቱ የሚደውል ማሽን አመጣ። በሴት ድምፅ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ የባሰበት ካለ ለክሊኒኩ ነርስ ይነግራል። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን ስልኩን በመዳፏ ከድና፣ «ይህቺ ልጅ አትተነፍስም» አለችኝ። ከጀርባዋ ሌላ የሚያዳምጥ ሰው አለ ብላም ጠረጠረች። እኔም ብሆን ነገሩ አልጣመኝም፤ ምላሱ ማር የሆነ ሁሉ ያሰጋኛል። ነርሷ ግን ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ስለማይሰማው፣ ቁስሉ ቶሎ ካልተደረሰበት እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ ነግራ ለመነቻት። አክስቴ እያጉረመረመች እሺ አለች።

አንድ ቀን ካልሲዋን ሳወልቅላት ተረከዟ ላይ ያየሁት ቁስል ክው አደረገኝ። ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት ተቆጣች፤ ካልሲዋ እንደሚረጥብ ለዚያች ድምፅ በየጠዋቱ ተናግራለች። ደሜ ፈላ። ታክሲ ጠርቼ ክሊኒኩ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሁሉም ቀን ላይ «ደህና» ይላል። አላመንኩም። የተቀዳውን አሰማን።

«እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ካልሲዬ ግን…»

«በጣም ደስ ይላል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እኛ እኮ አልጋ ላይ ወድቀንም መጀመሪያ «ደህና ነኝ» እንላለን፤ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑስ ይህን ከየት ይወቀው፤ ያስተማሩት ሰዎች ግን የማን ልጆች ናቸው?

«ሰላምታዬን ወሰደች» አለች አክስቴ። «ሕመሜን የት ጣለችው?»

ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ እግሯ ለጥቂት እንደተረፈ፣ ከእንግዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ችላ ሊባል እንደማይገባ ነገረን። ነርሷ እንዳቀረቀረች፣ ማሽኑ እስኪስተካከል ድረስ ሕመሟን አስቀድማ እንድትናገር መከረቻት።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ያቺው ድምፅ ደህና መሆኗን ጠየቀቻት። አክስቴ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። የለመደችው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ስትውጠው አየሁ።

«አይደለሁም» አለች።

ያቺ ድምፅ አልዘጋችም። ምኗን እንደሚያማት ጠየቀቻት፤ አክስቴም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «አሁንስ ሰማችኝ?» አለችኝ።

ፋሻውን ፈትቼ ቁስሉን ራሴ አየሁት።