ታኮ ጣዩ ኢሩላፓን

ኢሩላፓን ዕድሜውን ሙሉ፣ በየዓመት በዓሉ፣ ከሰፈሩ የሂንዱ መቅደስ ሠረገላ መንኮራኩር ሥር የእንጨት ታኮ ሲጥል ኖሯል። ቤት የሚያህለውን ሠረገላ ሕዝቡ በገመድ ይጎትተዋል፤ የሚያቆመው ግን የእሱ ታኮ ነው። ታኮ ጣይ ዓይኑን ከመንኮራኩሩ አያነሳምና ከላይ የተቀመጠውን የአምላኩን ምስል አደባባይ ሲወጣ አይቶት አያውቅም። ጉልበቱ ስለከዳው ዘንድሮ የመጨረሻው ነው። አንዴ ቀና ብሎ ሊያየው ቆርጧል፤ ይህንንም ለጎረቤቱ ለካዳር ነግሮታል።

ቁልቁለቱን ይዘው መስጊዱ ጥግ ሲደርሱ፣ ካዳር ከግንቡ ሥር ቆሞ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ግንባችንን አደራ፤ አምላክህ ሳይጠራ ለሶላት እንዳይገባብን" አለው።

ኢሩላፓን ሳቅ ብሎ ታኮውን ጣለ። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ኖሮ ታኮው ተንሸራተተ፤ ሠረገላው ወደ ግንቡ ነጎደ። የቀረውን ታኮ አንስቶ ወረወረ። እንጨቱ ሲጢጥ አለና ሠረገላው ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

"ቆሟል እኮ፤ ቀና በል" አለ ካዳር።

ኢሩላፓን ተንበርክኮ ታኮውን በሁለት እጁ ይዟል። "ዓይኔን ካነሳሁ የሚንሸራተት ይመስለኛል።"

ካዳር አጠገቡ ቁጢጥ አለ። "እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ቢጫ አበባ ደርበውለታል። የሚያየው ወደዚህ ነው።"

"ተቆጥቷል?"

ካዳር ቀና ብሎ ደህና አድርጎ አየው። "የለም" አለ፤ "ፈገግ ብሏል።"