ክኒን ያልገባበት ምስክርነት

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ለጎረቤትህ ንገር! ከገደብ እስከ ዲላ ጨው እየፈራህ የምትበላ፣ ክኒን እየቆጠርክ የምትውጥ ሕዝብ ሁሉ፦ በገበያው ጥግ ሱሪ የሚያሳጥረው ልብስ ሰፊው ጎሹ ከደም ግፊት አገዛዝ ነጻ ወጥቷል። ይህን የተጠራጠረ በእምነት ጎደሎነት ይከሰሳል።

አዋጁን ያወጀው ራሱ ጎሹ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ግፊት እንዳለበት የተነገረው ሰሞን ጎሹ መጀመሪያ ያደረገው ሥጋ ቤት መግባት ነበር። ጥሬውን በቆጮ እየጠቀለለ፣ ጨው እየነሰነሰ፣ ለማይቀር ሞት ምን መመጠን ያስፈልጋል ሲል ከረመ። ነገ የጨለመበት ሰው ለዛሬ አይሳሳም። ሚስቱ እሌኒ ብትለምነውም ብታኮርፈውም ጆሮ አልሰጣትም።

ከዚያ ልጃቸው ሮሆቦት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ጎሹ የምርቃቷን ቀሚስ በገዛ እጁ እንደሚሰፋ በገበያው ፊት ማለ፤ ነጭ ጨርቅ ገዝቶም መደርደሪያው ላይ አጥፎ አኖረ። ቀሚሱ ሳይቆረጥ ሰውየው ተለወጠ። ተስፋ እግር ሰጠችው። ጎህ ሲቀድ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በእግሩ ደርሶ ይመለሳል፤ ጥሬውን ተወ፤ ጨው ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ ክኒኑን ከስፌት መኪናው መሳቢያ እያወጣ በየጠዋቱ ይውጣል። ግፊቱም ወረደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ጎበዝ፣ እንዲሁ ቀጥል» አለችው። ጎሹ «ጎበዝ» ላይ ጆሮው ሞላና «ቀጥል» የምትለዋ ውጭ ቀረች።

እሁድ በጸሎት ቤቱ ጉባኤ ፊት ለምስክርነት ተነሣ። ምስክርነት የራሱ ስፌት አለው፦ ጨለማ፣ ጸሎት፣ ብርሃን። ክኒን መሃሉ ከገባ ይኮማተራል። ስለዚህ ጎሹ ክኒኑን ከታሪኩ ቆርጦ ጣለ፤ የጠዋቱን መንገድ ቆርጦ ጣለ፤ እሌኒ ጨው እየነሳች የቀቀለችለትንም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጠረገው። በአንድ ጸሎት ተፈወስኩ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እልል የተባለለት ሰው በማግስቱ ክኒን ሲውጥ ሰው ቢያየው ምን ይባላል? መሳቢያው ተቆለፈ፤ ቁልፉ ኪስ ገባ። የዳነ ሰውን በማለዳ ምን ያባዝነዋል? መንገዱም ቀረ። ጨው ግን ተመለሰች፤ እሷ ቂም አታውቅም።

እሌኒ ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት ሲገቡ ክኒንና ውሃ አቀረበችለት።

«እግዚአብሔርን ላሳፍረው?» አላት።

«እሱ አያፍርም። የምታፍረው አንተ ነህ።»

ጎሹ ሳቀና ስለ ሮሆቦት ምርቃት ማውራት ጀመረ፤ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚጠራ። ስለ ሩቁ ነገ እንዲህ የተማመነ ሰው ለዛሬ አንድ ጉንጭ ውሃ ነፈገ።

በቅርቡ የመዘምራኑን አዲስ ልብስ እየሰፋ ሳለ ግራ እጁ ጨርቁን ለቀቀው። ጣቶቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት። ስፌቱ የልብሱ ትከሻ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። ከፊቱ በርበሬ የምትሸጠው ሀዲጃ ቀና ስትል ሊስቅላት ሞከረ።

«ጎሼ፣ ምነው ሳቅህ ወደ አንድ ወገን ብቻ አደላ?»

ሊመልስላት ፈልጎ ምላሱ እንደ ድንጋይ ከበደው። ጥቂት ቆይቶ ጣቱም ምላሱም ከንፈሩም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ጎሹ በደስታ ጭኑን መታ፤ ይኸውና ለመጪው እሁድ ሌላ ምስክርነት። ሀዲጃ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ከታጠፈው ነጭ ጨርቅ አርፎ ከፈን መሰላትና ቶሎ ብላ ዓይኗን ሰበረች።

እሌኒ ልብሱን ስትለካ ጠማማውን ትከሻ በጣቷ ተከተለችው። ሞዴሉ ነው አላት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ክኒን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እሱም ከክር ቁራጭ ጋር ይጠርገዋል። ግራ እጁን አሁን ኪሱ ውስጥ ማቆየት ይወዳል፣ ከቁልፉ ጋር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ካለፍክ አደራ አለብህ። ስብከት አትጀምርለት፤ እሱ ጠግቧል። ሱሪ ይዘህ ሂድና አሳጥርልኝ በለው። ጎሹ ጨዋ ነው፤ የደንበኛ ዕቃ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። በአንድ እጁ ከተቀበለህ ሱሪህን እርሳውና የመሳቢያውን ቁልፍ ስጠኝ በለው፤ እምቢ ካለህ ደግሞ ሳትከራከር እጁን ይዘህ ወደ ጤና ጣቢያው ውሰደው።