ደወሉ ሲደወል መሰላል ላይ ነበርኩ

በደርግ ዘመን ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ጨርቁ በጣቃ በጣቃ እስከ ጣሪያ ስለሚደረደር ያለ መሰላል አይደረስበትም። መሰላሉ ደግሞ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር እኔ ስወጣ የመጋዘኑ ኃላፊ ከሥር ይይዙልኛል። ወፍራም፣ ደግ፣ ግን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ።

ከሁሉ የሚፈሩት የሐሙሱን የውይይት ክበብ ነበር። ያረፈደ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል።

አንድ ሐሙስ ከላይኛው መደርደሪያ የካኪ ጣቃ ሳወርድ የውይይቱ ደወል ተደወለ።

«ጋሼ፣ እንዳይለቁኝ!» አልኩ።

«ይዣለሁ፣ ልጄ!» አሉኝ። ድምፃቸው የመጣው ግን ከበሩ በኩል ነው።

ዞር ብዬ ለማየት ስሞክር መሰላሉ ተንሸራተተ፤ እኔና ካኪው አብረን ወረድን። ካኪው ምንም አልሆነም። የእኔ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብጮህ ማን ይስማኝ? አዳራሹ በመፈክር ይናጋል።

ኋላ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ሽማግሌው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ስም ሲጠራ እኔ ዘንድ ደረሰና «የት ቀረች?» አለ። እሳቸው ብድግ ብለው፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መሰላል ላይ ትቻት መጣሁ!» አሉና እየሮጡ ወጡ። ተሰብሳቢው በሙሉ ተከተላቸው።

የመጋዘኑን በር ነቅለው እላዩ ላይ አስተኙኝና ተሸክመው እስከ ፋብሪካው መኪና ወሰዱኝ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «መካኒሳ አቦ ጋ የታወቀ ወጌሻ አለ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ሆስፒታል! ጄሶ ነው የሚያስፈልጋት» ይላል።

«የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ፤ ስትጨቃጨቁ ብቻ እንዳትጥሉኝ» አልኳቸው።

ሆስፒታሉ አሸነፈ። አራት ወር በጄሶ ከረምኩ። ኃላፊው እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዘው ይመጡና ራሳቸው ልጠው ያጎርሱኛል፤ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አይሉም። አንድ እሁድ ልጣጩን በእጃቸው እንደያዙ እንባቸው መጣ።

«ስሜን እንዳይጽፉት ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ልቆጣቸው ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ነገር ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ። እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ።

በኋላ ስብሰባ ተጠራና መሰላል የሚይዝ ሰው ከውይይት ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። ሐሙስ ሐሙስ መሰላል ያዥ በዛ፤ ላዩ ላይ ማንም ሳይኖር ሦስት ጎልማሳ ጥርቅም አድርጎ ይዞት ይቆማል አሉ። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ ወደሚለቀምበት ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ ሥራው ቁጭ ብሎ ነው።