«እላካለሁ» ባልኩ ቁጥር

መካነ ሰላም ተቀምጬ ላቲን በስልክ እማራለሁ ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር። የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የድሮ መንገደኞች ስለ አገራችን በላቲን የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ለማጥናት ውጭ አገር የመማር ዕድል ተከፍቶልኝ ነበር፤ የላቲን ፈተናውን ካለፍኩ። ከሄድኩ ግን ዓይናቸው የደከመ አባቴ ብቻቸውን ይቀራሉ። እናቴ የለችም፣ እህት ወንድምም የለኝም።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአንና የዓረብኛ ሰዋስው ለተማሪ ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ የተማረውን ጮክ ብሎ ያላሰማ ደረሳ ወደሚቀጥለው ትምህርት አያልፍም።

«ስልክ ላይ አጎንብሶ ማጉረምረም ቂርአት አይደለም። አሰሚኝ» አሉኝ።

«ላውዳቢቱር» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

«ይመሰገናል። ወደፊት።»

«ታዲያ ኢንሻአላህ በያ!»

እኛ ቤት ስለ ነገ ያለ ኢንሻአላህ አይወራም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይሉታል። «አባዬ፣ ይሄ እኮ መልመጃ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! ስለዚህ የወደፊቱን ለመናገር አንዳንዱ ግሥ «ቢ» የምትባል ድምፅ መሀሉ ሲያስገባ፣ ሌላው አናባቢውን ብቻ ሲለውጥ፣ እኔ በሁሉም ጫፍ ኢንሻአላህ እየጨመርኩ ዘለቅሁ። ብረሳ እሳቸው ይጨምሩልኛል።

አንድ ቀን «ሚታር» ላይ ደረስኩ። «እላካለሁ» ብዬ ተረጎምኩና ኢንሻአላህን ሆን ብዬ ተውኩት። እንዲጨምሩልኝ ጠበቅኩ። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ «ቀጥዪ» አሉኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ይጠራል ሲባል ኢንሻአላህ፣ ይሰማል ሲባል ኢንሻአላህ፤ የእኔ መላክ ብቻ ባዶውን ያልፋል። ከፋኝ፣ ተናደድኩም። ሂጂ አይሉ፣ አትሂጂ አይሉ።

ፈተናው በቪዲዮ ነበር። ኔትወርኩ ስለሚሻል ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፈታኟ ግሥ ይሰጡኛል፣ እኔ አርብቼ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ፍርሃት ይዞኝ ስለነበር አፌ እንደለመደው ሄደ፤ ይመሰገናል፣ ኢንሻአላህ። ይጠራሉ፣ ኢንሻአላህ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ይህ ቃል ከግሡ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ጠየቁኝ።

«ከአባቴ ነው» አልኩ።

ሳቁ። እኔ ግን አለቀልኝ ብዬ ወጣሁ።

ማለፌን የሰማሁ ቀን አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እንዴት እንደምነግራቸው ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ላሰማዎት» አልኩ።

«አሰሚ።»

«ሚታር።»

ሳልተረጉም አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ትርጉሙንም አልጠየቁኝም። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱና እንባዬን አገኙት።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ወግዲ ያለችው አክስትሽ ጋ ሰው ልኬ ነበር። ትላንት እሺ ብላለች፤ መጥታ አብራኝ ትቀመጣለች። ይሄ ሳይሳካልኝ ኢንሻአላህ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም እንጂ ጠልቼልሽ አይደለም።»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ትላኪያለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ቃል ነበር። ሲሉት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መቅረት አማረኝ።