ከደረቅ ጭቃ የወጣው ዓሣ

ልጅ እያለሁ የምደብቀው አባቴን ነበር። ቆቦ ሰባተኛ ክፍል ስማር እሱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። ጠዋት አብረን ከቤት እንወጣና መንገድ ላይ ሆን ብዬ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ እንደማላውቀው ሰው አልፈዋለሁ። ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ሰው ፊት አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ የማሽላ አገዳ ሽታ ከሜዳው ሲገባ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የባዮሎጂ መምህራችን ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ዓሣ ሰሌዳው ላይ ሳለልን። ዳይኖሰሮች በነበሩበት፣ ክሪቴሽየስ በሚባለው ዘመን የኖረ፣ በሳንባ የሚተነፍስ ዓሣ ነው አለን። ዘሩ ሁሉ እንደጠፋም ነገረን።

አባቴ ለካ መስኮቱ ሥር አትክልት ሲያጠጣ ይሰማ ኖሯል።

"ይቅርታ መምህር፣ እኔ እኮ በልቼዋለሁ" አለ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህሩ ግን ሳይስቅ ወደ ውስጥ ጠራው። አባቴ ቆቡን አውልቆ፣ ወታደር ሳለ ጋምቤላ ያየውን ነገረን። ረግረጉ በበጋ ሲደርቅ ያገሩ ሰዎች መሬቱን ይቆፍራሉ፤ ከደረቀው ጭቃ ውስጥ እንደ እባብ የተጠቀለለ ዓሣ ያለ ውኃ አየር እየሳበ በሕይወቱ ይወጣል። ክንፎቹ እንደ ገመድ ቀጫጭን ናቸው። የጎሊና ወንዝ ሲደርቅ እያየን ያደግን ልጆች ነንና ሳቁ ቆመ።

ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ግን ዘበኛ ደግሞ ምን ያውቃል ሲል ሰማሁት። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"አባቴ አይዋሽም" አልኩ።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

በሳምንቱ መምህሩ አንብቦ መጣ። ድንጋዩ ላይ ያለው ዓሣ በእርግጥ ጠፍቷል፣ ዘመዱ ግን እስከ ዛሬ ባሮ ወንዝ ውስጥ ይኖራል አለን። "ጋሽ ሰይድ ልክ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብሎ ደብተራችን ላይ አሳረመን። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአባቴ ጎን ለጎን እየሄድኩ በበሩ መግባት ጀመርኩ።

ዛሬ አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ልጄም ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ባለፈው የወላጅ ስብሰባ ሥራ ይዞኝ ስጨነቅ፣ ከኔ ይልቅ አያቷ ቢመጣላት እንደምትመርጥ ነገረችኝ። እጁን ይዛ ስትወጣ ከበራፍ ቆሜ አየኋቸው። እኔ ያኔ ያቃተኝን መንገድ እየሳቀች ሄደችው።