እጄ ሥር ያልጠነከረው ጡንቻ

ባለፈው ሳምንት፣ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ የነርስነት መጽሐፏን ይዛ ናካሴሮ ገበያ አጠገብ ወዳለችው መድኃኒት ቤቴ መጣችና ለስላሳ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ አንድ ኢንዛይም እንደሚያነቃ፣ ያ ኢንዛይም ማዮሲን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ጡንቻው እንደሚኮማተር፣ ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲያነሳው ደግሞ እንደሚላላ ነገርኳት። ምሳሌ ስትጠይቀኝ ማህፀን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንጀት አልኳት።

ይህን ትምህርት የተማርኩት እዚሁ ካምፓላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሐኪም ልሆን ነበር ሐሳቤ። ያኔ ኪሰንዪ በሚባል ሰፈር ከለተብርሃን ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ለተብርሃን ከአስመራ የመጣች፣ በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ሾፌር ሆኖ ጁባ ይሠራል፤ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ጮክ ብዬ ሳጠና እሷ ማቶኬ፣ ተቀቅሎ የሚበላውን አረንጓዴ ሙዝ፣ እየላጠች ታዳምጠኛለች፤ ጣቶቿ በማቶኬው ሙጫ ጠቁረው ይውሉ ነበር። እንግሊዝኛው በደንብ ባይገባትም ስሳሳት ታውቅብኛለች። ትናንት እንደዚህ አላልሽም ትለኝ ነበር።

ምጧ የመጣው በዝናብ ወራት፣ አንድ ጠዋት ነው። ቀዩ ጭቃ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ስለማያስኬድ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ተደግፋኝ በእግር ሄድን። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ሸተታትና ስትገላገል እንድገዛላት አዘዘችኝ። ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ወለደች። እንግዴ ልጁም ወጣ። እፎይ ብዬ ነበር።

ደሙ ግን አልቆመም። አዋላጇ፣ ጠና ያለች ኡጋንዳዊት፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋቻት። ጠበቅን። ደገመቻት። ከዚያ ሌላ ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መብራት ከጠፋ ቀናት አልፈው ስለነበር መድኃኒቱ ሁሉ፣ የወጋቻትም ጭምር፣ በሙቀት ተበላሽቷል። መኪና ለመጥራት ስትወጣ እጄን ይዛ ከለተብርሃን እምብርት በታች አስቀመጠችውና ማህፀኗን ሳላቋርጥ እንዳሸው ነገረችኝ። ሲጠነክር እጅሽ ያውቀዋል አለችኝ።

አሸሁ። ከእጄ ሥር ያለው ነገር እንደ ሊጥ የላላ ነበር። እዚያ ውስጥ ምን መሆን እንዳለበት አንድ በአንድ አውቃለሁ። ማወቄ ለምን እየሞተች እንደሆነ ነገረኝ እንጂ ሌላ የፈየደው ነገር አልነበረም።

«ጠነከረ?» አለችኝ፣ ከንፈሯ ነጥቶ።

«እየጠነከረ ነው፣ ለተይ።»

«ጽቡቕ» አለች በትግርኛ፤ ጥሩ ማለቷ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

መኪናው መጣ። ታክሲ መናኸሪያው ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ማሸቴን አላቆምኩም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አያትና እጄን ቀስ ብሎ ከላይዋ አነሳው።

ባሏ ከጁባ መጥቶ ሕፃኗን ለእናቱ ወስዶ ሰጣት። እኔም ሕክምናውን ትቼ ወደ መድኃኒት ሥራ ዞርኩ።

አምና የለተብርሃን ልጅ አፈላልጋ አገኘችኝ። ቁመቷ የእናቷ ነው። ብዙ አልጠየቀችኝም፤ እናቷ አቅፋት እንደነበረ ብቻ ማወቅ ፈለገች። አላቀፈቻትም። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ጥግ ላይ አስተኝታት ነበር፤ በዚያ ጭንቀት ያስታወሳት ሰው የለም። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ነገርኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ሳስበው፣ ውሸቴንም እውነቴንም ያለቦታቸው የሰጠኋቸው ይመስለኛል። ለተብርሃን ያን ቀን አልጠነከረም ብዬ እውነቱን ብነግራት ኖሮ፣ ልጄን አምጪልኝ ትለኝ ነበር።